የደጋ እንስሳ በቆላ፦ በንያኩሮን ግቢ ስለ ጊኒ ፒግ ቤት አሠራር

ጊኒ ፒግ የሚባለው ትንሽ እንስሳ፤ ስሙ እንደሚያሳስተው ከጊኒ አገር የመጣ አይደለም፤ ከዐሣማም ወገን አይቈጠርም። ጥንተ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። የፔሩ፤ የቦሊቪያና የኤኳዶር ገበሬዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ «ኩይ» እያሉ በየቤታቸው ለሥጋው ሲያረቡት ኖረዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት የስፓኝ ሰዎች ወደ አውሮፓ ከወሰዱት በኋላ ግን የልጆች ወዳጅ ሆኖ በዓለም ተሰራጨ። ወደ አፍሪካም ገብቶ፤ ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰነው በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፑብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል፤ ይልቁንም በኪቩ፤ ብዙ ቤተ ሰቦች ለምግብና ለፍግ ያረቡታል።

ለሥጋ የሚረባውም ሆነ ለልጆች ደስታ የሚያዘው፤ ተፈጥሮው አንድ ነው፤ ይኸውም የደጋ እንስሳ መሆኑ ነው። የሚስማማው ሙቀት ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። ጠጕሩ ወፍራም፤ ሰውነቱ ድቡልቡል ስለ ሆነ፤ እንደ ሰውም በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ይጨነቃል፤ ሲያልፍም ፈጥኖ ሊሞት ይችላል።

ጁባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላት፤ በነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠች ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 37 ዲግሪና ከዚያ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ በመሠጋቱ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም.ም ተማሪዎች በሙቀት ምክንያት ራሳቸውን ስለ ሳቱ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ተዘግተዋል። ሰውን ያንበረከከ ሙቀት አንድ ኪሎ ገደማ ለሚመዝን እንስሳ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

በንግድ፤ በሆቴልና በልዩ ልዩ ሥራ ምክንያት በጁባ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይህ ጕዳይ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ደጋ ያደገ ሰው፤ ለትንሽ እንስሳ አስቀድሞ የሚፈራለት ብርድን ነው። ስለዚህ እንስሳ ከተጻፉት የአያያዝ መምሪያዎችም ብዙዎቹ የተዘጋጁት ብርድ ለሚጸናባቸው አገሮች ነው። ሣጥኑ ወፍራም ይሁን፤ ነፋስ አይግባው፤ ፀሐይ ያግኘው ይላሉ። ይህን ምክር እንዳለ በንያኩሮን የሚፈጽም ሰው እንስሳውን በገዛ እጁ ምድጃ ውስጥ እንደ ከተተው ይቈጠራል። በሌላ በኩል ደግሞ፤ ሙቀቱን ፈርቶ ቤቱን እንዲሁ ክፍት የሚተው ሰው እንስሳውን ለነጣቂ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ ቤት ነፋስን የሚያስገባ፤ ጠላትን ግን የሚከለክል መሆን አለበት። ይህንንም ለማግኘት ሥራውን በሚከተለው ተራ መያዝ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ቦታው ይመረጥ። በጁባ የማንጎና የኒም ዛፍ በብዙ ግቢ ይገኛል፤ ጥላውም መልካም ነው። ነገር ግን ጥላ ከፀሐይ ጋር እንደሚዞር መዘንጋት አይገባም። በጧት ጥላ የነበረው ስፍራ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሊመታው ስለሚችል፤ ቤቱ ከመተከሉ በፊት ስፍራውን በ3 ሰዓት፤ በ6 ሰዓት፤ በ9 ሰዓትና በ11 ሰዓት ሄዶ መመልከት ያስፈልጋል። በዛፍ ሥር የሚተከል ከሆነ፤ ድመትና እባብ መሸጋገሪያ እንዳያደርጓቸው በቤቱ ላይ ያዘነበሉት ቅርንጫፎች ይቈረጡ። ጀኔሬተር ከሚሠራበትና ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ስፍራም ይራቅ፤ የእንስሳው ሳንባ ለጢስ ደካማ፤ ልቡም ለድንገተኛ ድምፅ ድንጉጥ ነውና።

ሁለተኛ፤ ጣሪያው። ቆርቆሮ ብቻውን በቀጥታ ከተከደነ የፀሐዩን ትኵሳት ወደ ውስጥ ያወርደዋል። የአገሩ ሰዎች ጎጆ የሚከድኑበት ሣር ከሁሉ ይሻላል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ፤ በቆርቆሮውና በቤቱ መካከል አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ትቶ ከላዩ ሣር መደርደር ይገባል። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው በእጅጉ ወጣ ያለ ይሁን፤ በጁባ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዝናሙ ብርቱ ስለ ሆነ በነፋስ እየተገፋ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ወለሉ። ቤቱ በእግር ላይ ቆሞ ከመሬት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፤ ከጐርፍና ከጭቃ ይድናል፤ ከሥሩም ነፋስ ያገኛል። ለእግሩ የሚሆነውን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው መጠንቀቅ ያሻል። በኤኳቶሪያ አውራጃዎች ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የተተከለው የቲክ ዛፍ ውስጠኛው እንጨት ምስጥን የሚቋቋም ስለ ሆነ፤ ከተገኘ እርሱን መምረጥ ይበጃል። ጕንዳን እንዳይወጣ እያንዳንዱ እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁም። ጕንዳን በሌሊት በሠራዊት መጥቶ መሸሺያ የሌለውን እንስሳ በሕይወቱ ሳለ ይበላዋልና። ወለሉ ራሱ ከጣውላ ይሠራ፤ ሽቦ አይሁን። የጊኒ ፒግ መዳፍ ለስላሳ ስለ ሆነ ሽቦ ያቈስለዋል፤ እግሩም በቀዳዳው ገብቶ ሊሰበር ይችላል። በጣውላው ላይ ደረቅ ሣር ተነጥፎ፤ የረጠበው በየቀኑ እየተነሣ ይለወጥ። የሽንት ሽታ የሰው አፍንጫ ከተሰማው፤ ለእንስሳው ሳንባ አስቀድሞ ጐድቶታል ማለት ነው።

አራተኛ፤ ግድግዳውና ሽቦው። ሙቀትን ለማስወጣት ቢያንስ ሁለቱ ጐኖች ሽቦ ይሁኑ፤ የቀሩት ሁለቱ ጣውላ ሆነው እንስሳው ሲፈራ የሚሸሸግበትን ጥግ ይስጡት። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዶሮ ሽቦ የሚባለው ቀጭን ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ጠላት እንዳይገባ አይከለክልም። ውሻ በጥርሱ ይቀድደዋል፤ እባብና አይጥ በቀዳዳው ይገባሉ፤ ድመትም እጇን ታስገባለች። ስለዚህ መገናኛው ሁሉ የተበየደ፤ ቀዳዳው በየጐኑ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ጠንካራ የሽቦ መረብ ይገዛ። ሽቦውም ከውጭ በኩል በምስማርና በጣውላ ይጠበቅ፤ ከውስጥ የተመታ ሽቦ ጠላት ሲገፋው ይነቀላልና። ዋጋው ከዶሮ ሽቦ ከፍ ይላል፤ ሆኖም ቤቱን ሁለት ጊዜ ከመሥራት አንድ ጊዜ በደንብ መሥራት ይረክሳል።

አምስተኛ፤ መዝጊያው። ነጣቂ ሁሉ የሚፈልገው የቤቱን ደካማ ክፍል ነው፤ ደካማው ክፍል ደግሞ ዘወትር በሩ ነው። ሸለምጥማጥ፤ ሙጭልጭላና አርጃኖ በጠባብ ስንጥቅ መግባት ያውቃሉ። በሩ በማጠፊያ ይያዝ፤ ላይና ታችም መቀርቀሪያ ይኑረው፤ በገመድ ማሰር አይበቃም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አንድ ሰው በየቀኑ እየዞረ ሽቦውንና መቀርቀሪያውን እንዲመረምር በቤተ ሰቡ ይወሰን። ቢቻልስ ሌሊት እንስሶቹን ወደ ሰው ቤት አስገብቶ ማሳደር ከሁሉ የተሻለ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፤ ቀዳዳውን ከጥፋት በኋላ መድፈን ለሞተው አይጠቅምም።

የቤቱን ስፋት በሚመለከት፤ ጊኒ ፒግ በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ስለ ሆነ ብቻውን መያዝ አይገባም። ለሁለቱ ቢያንስ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያስፈልጋቸዋል፤ የበለጠ ቢሆን ይመረጣል። ወንድና ሴት አብረው ከተያዙ ሴቲቱ በ68 ቀን ያህል ትወልዳለች። ወንዶቹ ግልገሎችም ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ካልተለዩ እናታቸውንና እኅቶቻቸውን ሊያስረግዙ ይችላሉ። ስለዚህ ቤቱ ከመጀመሪያው በመካከል የሚከፈል ይሁን፤ ወይም ሁለት ሴቶች ብቻ ይያዙ። ጥንቸል ወይም ዶሮ ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤት አይጨመር። ጥንቸል በእግሯ ትመታቸዋለች፤ እርሷን የማያሳምም የሳንባ ተሕዋስም ታስተላልፍባቸዋለች፤ ዶሮም ትነክሳቸዋለች፤ በኵሷም በሽታ ታመጣባቸዋለች።

ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ከቤቱ አሠራር ሌላ የዕለት እርዳታ ያስፈልጋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ባለው ሽቦ ላይ የረጠበ ጆንያ ቢሰቀል ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል። በዝናሙ ወራት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ ይህ ዘዴ ብዙ አይረዳም። ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በበረዶ ቤት አርግቶ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገባቸው ማኖርም መልካም ነው። የሚጠጡት ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነፋሻ ወደ ሆነ የቤት ውስጥ ክፍል ማስገባት ይበልጣል።

እንስሳው ተዘርሮ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፤ ለሀጩ ሲዝረበረብ ወይም መነሣት ሲያቅተው ከታየ ሙቀት መትቶታል ማለት ነው። ወዲያው ወደ ጥላ ወስዶ ጆሮዎቹንና እግሮቹን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ማርጠብ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ይገባል። በበረዶ ውሃ መንከር ግን ሰውነቱን አስደንግጦ የባሰ ጕዳት ስለሚያመጣ ክልክል ነው።

ጊኒ ፒግ በደንብ ከተያዘ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል። ይህም አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እስኪፈጽም ድረስ ያለው ዘመን ያህል ነው። ቤቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ጣውላ፤ ጥቂት ሽቦ፤ አንድ እስር ሣርና የሁለት ቀን ሥራ ነው። አባት ሲሠራ ልጁ ምስማር እያቀበለ ቢረዳ፤ የያዙትን ፍጥረት እንደየአገሩ አየር መጠበቅ ተገቢ መሆኑን በዚያው ይማራል።