አደይ አበባ በላስታ

አደይ አበባ የኑግ፣ የሱፍና የግራዋ ዘመድ ነው። በክረምት ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን በትኖ በዓመቱ ይደርቃል። በሳይንሱ ቢደንስ ከተባለው ወገን ይመደባል። አደይ የሚባለው ዝርያም አንድ ብቻ አይደለም፤ ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማና ቢደንስ ፕረስቲናሪያ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ስለ አደይ በብዙው የሚሳተው መልኩ ነው። በበዓል ካርድና በጥልፍ ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ቅጠል ያለው አንድ ቢጫ አበባ ሆኖ ይቀርባል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ግን የብዙ አበቦች ማኅበር ነው። መሃሉ ላይ የሚታየው ክብ ጥቅጥቅ ያለ የደቃቅ አበቦች ክምችት ነው። እያንዳንዷ አፏ አምስት ቦታ የተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ ስትሆን፣ የወንዴም የሴቴም አካል አላት፤ ዘር የምታፈራውም እሷ ናት። ዙሪያውን የተዘረጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት አካባቢ የሆኑት ቢጫ «ቅጠሎች»ም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ነገር ግን መካን ናቸው። ሥራቸው ንብን መጥራት ብቻ ነው። የመሃሎቹ አበቦች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ ከዳር ጀምረው ወደ መሃል በየተራ ይፈታሉ። ንብ አንዱን የአበባ ራስ ደጋግማ የምትጎበኘውም ስለዚህ ነው። ሰው የሚያደንቀው ዳሩን ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት አደይ የሚወለደው ግን ከመሃሉ ነው።

በላስታ ዘሩ የሐምሌን ዝናብ ይዞ ይበቅላል። ሁለት ወር ያህል ማንም ልብ ሳይለው ከሣሩ ጋር ያድጋል፤ በማሳ ውስጥ ከተገኘም እንደ አረም ይነቀላል። የሚተርፈው በእርከን ድንጋይ፣ በድንበር፣ በመንገድ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ በመስከረም ግራና ቀኙን ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ራስ በተጠጋ ቁጥር ግን አደይ ቦታውን ለጓሳና ለጅብራ ይለቃል። የበጋው ድርቀት ሲመጣ ተክሉ ቀድሞ ዘር ሆኗል፤ ረጅሞቹን ደረቅ ወራት የሚያሳልፈው በዘርነት ነው።

ከሩቅ ቢጫ የሆነ ሁሉ አደይ አይደለም። ተዘርቶ መስኩን የሸፈነው ኑግ ነው፤ ሳይዘራ የሚበቅለው የኑግ ዘመድ ደግሞ መጭ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ሲሆን የኑግና የመጭ ግን ያልተከፋፈለ ነው። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊትም የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው።

የላስታ ልጃገረዶች በነሐሴ አጋማሽ የአሸንድዬን በዓል የሚያከብሩት በወገባቸው ሣር አስረው ነው። የአደይ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በእንቁጣጣሽ ከለምለም ሣር ጋር ታስሮ «አበባየሆሽ» እየተባለ በየቤቱ ይዞራል፤ መስከረም 16 ደግሞ በደመራውና በችቦው ጫፍ ላይ ይታሰራል። ከበዓል ውጭ ለከብት መኖ ይታጨዳል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ብዙም የማይወሳለት የማር ምንጭነቱ ነው። ንጉሡ ላሊበላ ሲወለድ በንብ መከበቡን ትውፊት ይናገራል፤ አገሩም እስከ ዛሬ ድረስ የማር አገር ነው። በሰሜኑ ደጋ ዋናው የማር ቆረጣ ከክረምት በኋላ የሚሆነው አደይን የመሰሉ አበቦች ቀፎውን ስለሚሞሉት ነው። ላስታ የታወቀችበትን ነጭ ማር የሚሰጠው በዋናነት መንጠሴ የተባለው ተክል ነው፤ አደይና ኑግ የገቡበት ግን ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ ማር ቢጫ ስለሆነ ብቻ ተበርዟል ማለት ንብን በሐሰት መክሰስ ነው።

ለበዓል የሚቀጥፍ ሰውም ጥቂት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። አደይ ከሥሩ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ተስፋው በዘሩ ላይ ነው። ስለዚህ ዘንጉን በማጭድ ወይም በጥፍር ቆርጦ መውሰድ፣ ከሥሩ አለመንቀል፣ ከአንድ ቦታም ሁሉንም ጠራርጎ አለማንሳት ተገቢ ነው። በየቅርንጫፉ ጥቂት ራሶች ከተተዉ እስከ ኅዳር ዘራቸው ደርሶ ይረግፋል፤ ለሚቀጥለው መስከረም የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።