በዘር የሚወረስ የጉዞ አቅጣጫ

ብላክካፕ በአውሮፓ ደኖችና ቁጥቋጦዎች የሚራባ፣ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ የሆነ፣ የወንዱ አናት ጥቁር፣ የሴቷ ደግሞ ቡናማ የሆነ ዘማሪ ወፍ ነው። ብርዱ ሲቃረብ በምዕራብ አውሮፓ የሚገኘው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በምሥራቅ የሚገኘው ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይፈልሳል፤ ከእነዚህ ከኋለኞቹ መካከል ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የሚከርሙ አሉ። በዚያው ዓመት የተፈለፈለው ወፍ ይህን ጉዞ የሚጀምረው በሌሊትና ያለ ወላጅ መሪነት ስለሆነ፣ አቅጣጫውን ከማን እንዳገኘው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍልሰተኛ ወፍ በሽቦ ቤት ውስጥ ቢያዝ እንኳ ወቅቱ ሲደርስ ሌሊቱን ክንፉን እያርገበገበ ሲቁነጠነጥ ያድራል፤ ይህም የፍልሰት እረፍት ማጣት ይባላል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ወፍ ከታች ጠቦ ወደ ላይ በሚሰፋ፣ ጎኑ የጽሕፈት መኪና ስሕተት ማረሚያ ወረቀት በተለበጠበትና አፉ በመረብ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ያኖሩታል። ወፉ ለመብረር በዘለለ ቁጥር ጥፍሩ ወረቀቱን ስለሚጭር፣ ጭረቱ የበዛበት ወገን ሊሄድ የፈለገበትን አቅጣጫ ያሳያል። ተመራማሪው አንድሪያስ ሄልቢግ ከጀርመንና ከምሥራቅ ኦስትሪያ የተገኙ ብላክካፖችን አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ድቅሎቹ ከሁለቱም ወላጆች አቅጣጫ መካከል ወደ ደቡብ እንዳዘነበሉ አሳየ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን የብሪታኒያው ጉዳይ ነው። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ፣ ቀድሞ በብርድ ወራት እምብዛም በማይታዩባት በዚህች ደሴት የሚከርሙ ብላክካፖች እየበረከቱ መጡ። ፒተር በርትሆልድና ባልደረቦቹ ከእነዚህ ወፎች የተወሰኑትን ወደ ጀርመን ወስደው አራቡ፤ ብሪታኒያን አይተው የማያውቁት ልጆቻቸው ከደቡብ ምዕራብ ይልቅ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ያዘነብሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ። መንገድ የሳተ የሚመስለው ወፍ፣ አቅጣጫው ከዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ ከሚተላለፈው የባሕርይ መመሪያ የመጣ ከሆነ፣ የአዲስ ፍልሰት መሥራች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በብሪታኒያ የሚከርሙት መንገዳቸው አጭር በመሆኑና ሰዎች በየጓሯቸው ምግብ ስለሚያስቀምጡላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ሰፋ፤ በጸደይም ቀድመው ወደ መራቢያ ደናቸው ስለሚመለሱ እርስ በርሳቸው የመጣመር ዝንባሌ አላቸው።

የእነዚህ ወፎች ዘረመል በአንድ ደን ከሚፈለፈሉትና ወደ ደቡብ ምዕራብ ከሚሄዱት ወገኖቻቸው ጋር ዛሬም እጅግ የተቀራረበ ነው። ይሁንና ክንፋቸው ከእነዚያ ይልቅ ክብ፣ ምንቃራቸውም ቀጭን ሆኗል፤ ይህ ልዩነት የተፈጠረው ከ30 በማይበልጡ ትውልዶች ውስጥ ነው።