ግድግዳው ሳይለሰን የሚገኝ ወረቀት

እንግሊዝ አገር ቤቱን ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ጠበቃው ከሚያስሞላው ቅጽ አንዱ ቲኤ6 ይባላል። ግድግዳ ፈርሷል ወይ? ከጣሪያው ሥር ክፍል ተሠርቷል ወይ? መስኮት ተቀይሯል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ማስረጃው ይጠየቃል።

ዋናው ማስረጃ ሥራው የግንባታ ደንብን ማሟላቱን የሚያሳየው የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ነው። ብዙዎች ከፕላን ፈቃድ ጋር ያምታቱታል። የፕላን ፈቃድ የሚመለከተው የቤቱን መልክና አጠቃቀም፣ በአካባቢው ላይም የሚያመጣውን ለውጥ ነው። የግንባታ ደንብ ግን ቤቱ ጸንቶ ይቆማል ወይ፣ እሳት ቢነሳ ሰው ያመልጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የፕላን ፈቃድ የማያሻው ሥራ እንኳ የግንባታ ደንብ ምርመራ ሊፈልግ ይችላል።

የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ወይም የግል ተቆጣጣሪው የሚመጣው ሥራው ገና ክፍት ሳለ ነው። መሠረቱን ኮንክሪት ሳይፈስበት፣ በፈረሰው ግድግዳ ቦታ የገባውን ተሸካሚ ብረት ሳይለሰን ያያል። የወረቀቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ገዢው ዛሬ ሊያየው የማይችለውን አንድ ሰው በጊዜው አይቶለታል። አነስ ላለው ሥራ አቋራጭ አለ። ከ2002 ወዲህ ፌንሳ በተባለው የመስኮት ገጣሚዎች መዝገብ የተመዘገበ ገጣሚ ሥራውን ራሱ አረጋግጦ ሰርተፊኬት ያሰጣል።

ሰርተፊኬቱ ጠፍቶ ከሆነ ቅጂው ከካውንስሉ ይጠየቃል። ከነጭራሹ ካልወጣ ግን ምርጫው ከባድ ነው። ከኖቬምበር 11 ቀን 1985 ወዲህ ለተሠራ ሥራ ካውንስሉ ዘግይቶም ቢሆን መርምሮ ሊያጸድቅ ይችላል፤ ብረቱን ለማየት ልስኑ ይፍረስ ሊል ግን መብት አለው። ሌላው መንገድ ኢንሹራንስ ነው። ሻጮች ይወዱታል፣ ርካሽና ፈጣን ነውና። የሚክሰው ግን ካውንስሉ እርምጃ ሲወስድ የሚደርሰውን ኪሳራ እንጂ ደካማውን ብረት አያጠነክርም። ስለ ሥራው አስቀድሞ ለካውንስሉ የደወለ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንሱን አያገኝም። ስለዚህ ስልኩ ከመነሳቱ በፊት ጠበቃን ማማከር ይበጃል። ለመስኮት ኢንሹራንሱ ይበቃ ይሆናል፤ ፎቁን ለሚሸከም ብረት ግን ልስኑን ማፍረስ ይሻላል እላለሁ፤ ከሥሩ ቤተሰብ ይተኛል።

ለንደን ውስጥ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ ሠራተኛ የሚይዙት በትውውቅ ነው። ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ የመጨረሻውን ምርመራ የሚጠራ ሰው ይጠፋል፣ ሰርተፊኬቱም ሳይወጣ ይቀራል። ምርመራውን ማን እንደሚጠራ ሥራው ሳይጀመር መስማማትና የመጨረሻውን ክፍያ ሰርተፊኬቱ እጅ እስኪገባ ማቆየት ይህን ያስቀራል።