የኬፕ ነፋስ እና የካትሌሆንግ ፍሪዘር

በደቡብ አፍሪካ፣ በካትሌሆንግ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችን አንድ ምሬት አላቸው። መንግሥት ሎድ ሸዲንግ አበቃ ይላል፤ ማታ ማታ ግን መብራቱ ይጠፋል፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ዶሮ ይበላሻል፣ የመብራት ካርዱ ዋጋም በየዓመቱ ይጨምራል። በቴሌቪዥን ደግሞ በኬፕ ሜዳና ኮረብታ ላይ የተደረደሩትን የነፋስ ተርባይኖች ያያሉ። «ይህ ሁሉ ተተክሎ መብራቱ የት ገባ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚሰጣቸው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቆጠራው። የመንግሥት ኤሌክትሪክ ድርጅት የሆነው ኤስኮም ከማርች 26 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አንስቶ ከ300 ቀናት በላይ ያለ ሎድ ሸዲንግ ማለፉን በኩራት ሲነግረን ነበር። 2023ን ለሚያስታውስ ሰው ለውጡ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ያ ቆጠራ የሚይዘው በአገር ደረጃ የሚመነጨው ኃይል ሲያንስ የሚመጣውን ጨለማ ብቻ ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነት በዛበት ተብሎ ጠዋትና ማታ፣ ሰው ሁሉ ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት የሚቆረጠው ሎድ ሪዳክሽን ይባላል፤ ቆጠራው ውስጥ የለም። ኤስኮም ራሱ ይህ ወደ 1.7 ሚሊዮን ደንበኞቹን እንደሚነካ አምኖ፣ በ2027 አስወግደዋለሁ ብሏል። ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ የተመራ ግቢ ከኋላው አራትና አምስት የኪራይ ክፍል ሲሠራበት፣ ከዚያም ላይ ያልተመዘገበ ገመድ ሲቀጠልበት ትራንስፎርመሩ አይችልም። ለባለ ፍሪዘሩ ጨለማው ያው ጨለማ ነው። ስለዚህ መንግሥት በሚያቀርበው የቀን ቁጥር የሎኬሽን ነዋሪን ኑሮ መለካት አይቻልም እላለሁ። ይህን የሰፈር ጨለማ ምንም ያህል ነፋስ ቢተከል አያጠፋውም፤ መድኃኒቱ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ነው።

የዋጋው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ነፋሱ በቀጥታ የሚመለከተውም እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት ከ2011 ጀምሮ ለግል አምራቾች ጨረታ ሲያወጣ ቆይቷል። እንደ ጄፍሪስ ቤይ ያሉት ጣቢያዎች (138 ሜጋ ዋት፣ 2014) የዚያ ፍሬ ናቸው። በ2021 በአምስተኛው ዙር 1,608 ሜጋ ዋት ነፋስ ሲያሸንፍ አማካይ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 50 ሳንቲም ገደማ ነበር። በሎኬሽን በካርድ የሚሸጠው መብራት ከ2 ራንድ በላይ ነው። የቀጣዩ ዓመት ስድስተኛ ዙር የበለጠ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ከተፈለገው 4,200 ሜጋ ዋት ውስጥ 3,200ው ለነፋስ የተመደበ ነው። በዲሴምበር 2022 ውጤቱ ሲነገር ነፋስ አንድም ሜጋ ዋት አላገኘም።

«ነፋስ ስለማያስተማምን ነው» የሚለው ማብራሪያ ወዲያው ተሰራጨ፤ ዛሬም ይደገማል። ልክ አይደለም። ተወዳዳሪው ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው በኬፕ የማስተላለፊያ መስመር ላይ ቦታ ነው። ነገሩን ዘርዘር አድርገን እንየው።

የደቡብ አፍሪካ መስመር የተዘረጋው ከምፑማላንጋ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች ተነሥቶ፣ ጆሃንስበርግንና ማዕድን ማውጫዎቹን መግቦ፣ የተረፈውን ወደ ደቡብ እንዲያደርስ ነው። እንደ ዛፍ ግንዱ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ወደ ኬፕ በወረደ ቁጥር ቅርንጫፉ ይቀጥናል። ጥሩው ነፋስ ያለው ደግሞ ቅርንጫፉ በቀጠነበት ጫፍ ነው። በዚህ ላይ የአመዳደቡ ሕግ አለ። 140 ሜጋ ዋት ያለው ጣቢያ ሲገናኝ በመስመሩ ላይ ሙሉ 140 ሜጋ ዋት ይያዝለታል። ነገር ግን በዓመት ውስጥ በአማካይ የሚያመነጨው ከዚያ ከሲሶ ብዙም የማይዘል ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ሞልቷል» የተባለው መስመር በአብዛኛው ሰዓት ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። ኤስኮም ኋላ ላይ ይህንን ተቀብሎ፣ ነፋሱ እጅግ በሚበረታባቸው ጥቂት ሰዓታት የተወሰኑ ጣቢያዎች ምርት ቢቀነስ በምሥራቅና በምዕራብ ኬፕ ከ3,000 ሜጋ ዋት በላይ ተጨማሪ ማገናኘት እንደሚቻል አስልቷል። ስሌቱ ከጨረታው በፊት ቢሠራ ኖሮ የዚያ ዙር ነፋስ ባዶ እጁን ባልተመለሰ ነበር።

ታዲያ ወረቀቱን ማን ሞላው? በ2021 ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ያለ ፈቃድ የሚገነባ የግል ጣቢያ ጣሪያውን ከ1 ሜጋ ዋት ወደ 100 ከፍ አደረጉ፤ በ2023 መጀመሪያ ጣሪያው ጨርሶ ተነሣ። የመስመር ቦታ የሚታደለው በወረፋ ነበርና፣ የመንግሥት ጨረታ ሲጓተት ገንዘብና ጠበቃ ያለው ቀድሞ ያዘ። የአንግሎ አሜሪካን ማዕድን ኩባንያ ከፈረንሳዩ ኢዲኤፍ ጋር ያቋቋመው ኤንቩሳ 520 ሜጋ ዋት የነፋስና የፀሐይ ጣቢያ በኬፕ ጀምሯል፤ ኃይሉ በኤስኮም መስመር ተጉዞ ለማዕድን ማውጫዎቹ ይደርሳል። ሴሪቲ የተባለው የከሰል አውጪ ሳይቀር ለራሱ የከሰል ማውጫዎች የሚሆን 155 ሜጋ ዋት ነፋስ በምፑማላንጋ ይተክላል። ሕገወጥ ነገር የለበትም፤ ለመስመሩም ይከፍላሉ። እነርሱ ከጋራው ቋት ሲቀንሱ ለሌላው ኃይል መትረፉ፣ ሎድ ሸዲንጉም እንዲቀል ማገዙ እውነት ነው።

ዋጋውን ግን ተመልከቱ። ርካሹ ነፋስ ውሉን ለፈረመው ድርጅት ሄደ። ከኤስኮም ጋር የቀረው ደንበኛ የሜዱፒና የኩሲሌ የከሰል ጣቢያዎችን ግንባታ ዕዳ፣ የቆዩትን ጣቢያዎች ጥገና፣ የመስመሩን ወጪ ይካፈላል። ትልልቆቹ ገዢዎች በወጡ መጠን ያው ወጪ በጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ይከፋፈላል። ታሪፉ በ2023 18.65 በመቶ፣ በ2024 12.74 በመቶ፣ በ2025 12.7 በመቶ የጨመረው በነፋስ ምክንያት አይደለም፤ ለ2025 ኤስኮም የጠየቀው እንዲያውም 36.15 በመቶ ነበር። ካትሌሆንግ ያለው ባለ ሱቅ ውል ተዋውሎ ከኬፕ ነፋስ ሊገዛ አይችልም፤ ባለበት ሆኖ ይከፍላል። በእኔ እምነት የአገሪቱ ውድ ሀብት መስመሩ ነው። በእርሱ ላይ ያለውን ቦታ በወረፋ ማደል ለባለ ገንዘብ በነፃ እንደመስጠት ነው፤ ከፊሉ ለሕዝብ ጨረታ መጠበቅ፣ የቀረው በዋጋ መሸጥ ነበረበት።

አሁን በአሥር ዓመት ውስጥ 14,000 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ መስመር ለመዘርጋት ታቅዷል፤ የግል ባለሀብትም እየተጋበዘ ነው። ወጪው እንደገና ታሪፍ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ከርዝመቱ ይልቅ በእነዚህ መስመሮች ላይ ቦታ እንዴት እንደሚመደብ የሚወስነውን ሕግ መከታተል ይበጃል።

ለእኛም አገር ቅርብ ምሳሌ አለ። የኬንያ ቱርካና 310 ሜጋ ዋት ነፋስ በ2017 መጀመሪያ ተተክሎ አልቆ፣ 428 ኪሎ ሜትሩ መስመር እስከ ሴፕቴምበር 2018 አልደረሰለትም። ላልደረሰው ኃይል ካሳው ከመንግሥት ካዝናና ከተጠቃሚው ሂሳብ ወጣ። የአዳማ የነፋስ ጣቢያዎቻችን ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆኑ ይህ ችግር አልከበደባቸውም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያለው አይሻ ግን ሩቅ ነው፤ አሜአ ፓወር የተባለው የዱባይ ኩባንያ እዚያ 300 ሜጋ ዋት ለመትከል ተፈራርሟል። ውሉ መስመሩ ቢዘገይ ካሳውን ማን እንደሚከፍል፣ በመስመሩ ላይ የሚተርፈው ቦታም ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ማስፈር አለበት፤ ይህን ለሕዝብ ማሳወቅም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግዴታ ነው።