በጣት መደርደር ወይስ በመግረፊያ መግረፍ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ከተማ ያገኛል። በከተማዋ አጠገብ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ወደ ሰሜን አለፍ ሲሉ ደግሞ የአምባሰል አገር ይጀምራል። አምባሰል ግን የአገር ስም ብቻ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚጠሩት ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያም ነው። ወሎ ያፈራቻት ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ ይህን ቅኝት በመላ አገሪቱ ካስወደዱት መካከል አንዷ ናት።

ተማሪዎች፣ በሐይቅ ከተማ የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪና ታላቅ ወንድሟ አሉ እንበል። ልጅቱ በቅርቡ ስላረፉት ወንድ አያቷ ግጥም ገጥማለች፤ በትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይም በአምባሰል ቅኝት ልታዜመው ተዘጋጅታለች። ወንድሟ በክራር ያጅባታል። ከአድማጮቹ መካከል ባለቤታቸውን በሞት ያጡት ሴት አያታቸው ይገኛሉ። ሆኖም ልምምዱ በመጀመሪያው ቀን በክርክር ተቋረጠ። ወንድምየው፣ «ክራር በመግረፊያ ካልተገረፈ አዳራሹን አይሞላም» አለ። እኅቲቱ ደግሞ፣ «በጣት ካልተደረደረ ግጥሜ አይሰማም» ስትል መለሰች። ከሁለቱ የማን ሐሳብ ትክክል ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት የሁለቱን አጨዋወት ጠባይ እንመርምር።

ክራር ከሥሩ ቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ምሰሶዎችና ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያያይዝ ቀንበር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አውታሮች አሉት። ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ስለ ሆኑ አምስቱ አውታሮች አምስቱን ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ከእነርሱ አንዱን በቀጭኑ ወይም በወፍራሙ ይደግማል። ክራር እንደ ጊታር ጣት የሚረግጠው አንገት የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ አውታር አስቀድሞ የተቃኘበትን ድምፅ ይሰጣል፤ የተጫዋቹም ሥራ ከስድስቱ የትኛው መቼ እንደሚሰማ መወሰን ነው። ይህን ውሳኔ የሚፈጽምበት መንገድ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ግርፍ ይባላል። ተጫዋቹ ከቀንድ፣ ከጠንካራ ቆዳ ወይም ዛሬ እንደ ተለመደው ከፕላስቲክ የተሠራ መግረፊያ በቀኝ እጁ ይይዝና አውታሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመታል። ታዲያ ሁሉም ከተመቱ ዜማው እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ ልብ በሉ። የግራ እጁ ጣቶች ከአውታሮቹ በስተጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን አውታሮች ነክተው ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ የሚፈለገውን ግን ይለቁታል። ስለዚህ በግርፍ ጊዜ ዜማውን የሚመርጠው የሚመታው እጅ ሳይሆን ዝም የሚያሰኘው እጅ ነው። የታፈኑት አውታሮችም ቢሆኑ ደረቅ የምት ድምፅ ስለሚሰጡ ክራሩ ዜማም ምትም ይሆናል። ለእስክስታና ለጭብጨባ የሚስማማውም ስለዚህ ነው።

ግርፍ የራሱ አደጋ አለው። በአምባሰል ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ሁለት ጥንድ ድምፆች አሉ። አፋኙ ጣት በጥቂቱ እንኳ ቢዘገይ እነዚህ ጎረቤታሞች አብረው ይጮኹና ዜማው ይደፈርሳል። ጀማሪ ተማሪ ክራሩ ያልተቃኘ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ግን የቅኝቱ ሳይሆን የጣቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ድርድር ነው። በዚህ ጊዜ መግረፊያ አያስፈልግም፤ ጣቶች አውታሮችን ተከፋፍለው አንድ በአንድ ይነካሉ። የተነካው አውታር ብቻ ስለሚሰማ ድምፁ የጠራ ነው፤ ቀስ እያለም ይጠፋል። በአንድ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ለቃል የሚሆን ክፍት ቦታ ይገኛል። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው፤ ከበሮ በሚመታበትና ሕዝብ በሚያጨበጭብበት ስፍራ የጣት ድርድር ይዋጣል። ማጉያ የሚገጠምለት የኤሌክትሪክ ክራር ይህን ችግር ያቃልላል፤ ይሁን እንጂ የድምፅ መጠኑን እንጂ የአነካኩን ጠባይ አይለውጥም።

ለመሆኑ አንዱ አውታር በጣትና በመግረፊያ ሲነካ ለምን የተለያየ ድምፅ ይሰጣል? የተወጠረ አውታር ሲርገበገብ ከዋናው ድምፅ ጋር ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን አብሮ ያወጣል። መግረፊያ ጠባብና ጠንካራ ጠርዝ አለው፤ አውታሩን በአንዲት ነጥብ ላይ አጥፎ በድንገት ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይበረክታሉ፤ ጆሮም ድምፁን ስለታምና ብሩህ አድርጎ ይሰማዋል። የጣት ሥጋ ግን ለስላሳና ሰፊ ነው። አውታሩን በቀስታ አጉብጦ ስለሚለቀው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይቀንሳሉ፤ የሚሰማውም ክብና ሞቅ ያለ ድምፅ ነው። በጥፍር መንካት በሁለቱ መካከል ይገኛል። የመንኪያው ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ ወደ አውታሩ ጫፍ ሲጠጉ ድምፁ ይጠነክራል፣ ወደ መካከሉ ሲሄዱ ይለሰልሳል።

ይህ ሕግ ለክራር ብቻ የተሰጠ አይደለም። በገናም ሁለቱን አጨዋወት ያውቃል፤ ዛሬ የሚበዛው ግን የጣት ድርደራ ነው። በዘመናዊው ሙዚቃ ደግሞ ቤዝ ጊታርን እንመልከት። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ቤዝ አራት ወፋፍራም አውታሮች አሉት፤ ከሁሉም ወፍራሙ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በአገራችንም እንደ ዋልያስና ሮሃ ያሉት ባንዶች የሙዚቃቸውን መሠረት የጣሉት በዚህ መሣሪያ ነው። የቤዝ ተጫዋቾችም እንደ ክራር ተጫዋቾች «በጣት ወይስ በፒክ?» እያሉ ይከራከራሉ። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዲትሮይት ከተማ ጄምስ ጄመርሰን በአንዲት አመልካች ጣት ሲጫወት፣ በሎስ አንጀለስ ካሮል ኬይ በፒክ ትጫወት ነበር። የአንዱ ድምፅ ክብና ተንሸራታች፣ የሌላዋ ጥርት ያለና ቆራጥ ነበር። ሁለቱም ከዘመኑ ታላላቅ የቤዝ ተጫዋቾች ይቆጠራሉ።

እንግዲህ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶችን ማስወገድ እንችላለን። አንደኛው «መግረፊያ የጀማሪ ነው» የሚለው ነው፤ በግርፍ ጊዜ ግራ እጅ የሚሠራውን ያየ ሰው ይህን አይልም። ሁለተኛው «የጣት ድርድር ደካማ ነው» የሚለው ነው። ዝግ ያለ ድምፅ ሁሉ ደካማ አይደለም። ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክራር ታጅበው በመዝፈን ስማቸውን አስጠርተዋል። ስንኙን የሚወድ አድማጭ ከእንዲህ ዐይነት ዘፋኝ የሚጠብቀው ዜማውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ነው። ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም አንዲት ቃል ከጠፋች ወርቁ አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ እኅትና ወንድሙ እንመለስ። ክርክሩን ትተው ሙከራ አደረጉ። ታናሽ ወንድማቸውን በአዳራሹ መጨረሻ አቁመው ግጥሙን በመጀመሪያ በግርፍ፣ ቀጥሎ በድርድር ተጫወቱት፤ የሰማውንም እንዲናገር ጠየቁት። በግርፍ ጊዜ ዜማው በደንብ ደርሶት ነበር፤ ነገር ግን ቤት መምቻዎቹንና የአያቱን ስም አልሰማም። በድርድር ጊዜ ክራሩ ራቅ አለበት፤ ስሙን ግን ሰማ። ስለዚህ ስንኞቹ በድርድር እንዲታጀቡ፣ ድምፃዊቷ በምታርፍባቸው ክፍሎች ግን ክራሩ እንዲገረፍ ተስማሙ። ለውሳኔያቸው መሠረት የሆነው የተጫዋቹ ምርጫ ወይም የአጨዋወቱ ክብር ሳይሆን ሴት አያታቸው መስማት የሚገባቸው ነገር ነው።

ተማሪዎች፣ ይህ ትምህርት ለድርሰትም ያገለግላችኋል። ሁለት ነገሮችን ስታወዳድሩ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጎደሎ ነው፤ «ለምን ተግባር? ለማን?» የሚለው ሲጨመርበት ይሟላል። የማወዳደሪያ መለኪያውን አስቀድሞ ያልወሰነ ጸሐፊ ቃላት ይደረድራል እንጂ አንባቢውን አያሳምንም።

መልመጃ

1. በግርፍ ጊዜ የግራ እጅ ተግባር ምንድን ነው? በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስረዱ።
2. «ደረደረ» የሚለው ግሥ በመጨረሻው አንቀጽ የያዘው ትርጉም ስለ ክራር ሲነገር ካለው ትርጉም በምን ይለያል? ለሁለቱም የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
3. ከምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ነገር ግን» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጡ፤ እያንዳንዱ ቃል የትኞቹን ሐሳቦች እንደሚያያይዝ ግለጹ።
4. በአካባቢያችሁ አንድ ሥራ የሚሠራባቸውን ሁለት መንገዶች መርጣችሁ፣ መለኪያችሁን በመጀመሪያው አንቀጽ አስታውቃችሁ፣ በሦስት አንቀጽ አወዳድሩ።