የአባት ሙያ ለልጅ ጥሪት ነው፤ ስለ ቤት አሠራርና ስለ ቤት ነዳፊነት

በችሎት ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ሰው አዘውትሮ ከሚያነባቸው ወረቀቶች አንዱ ኑዛዜ ነው። አባት ለልጁ ቦታውን፣ ቤቱን፣ ከብቱንና ጠመንጃውን እየቈጠረ ያወርሳል፤ በቤቱ ያለውን ሙያ ግን ማንም ሲቈጥረው አይታይም። ግንበኛው አባት ድንጋይ የሚያውቅ ዐይኑን፣ አናጢው አባት ዕንጨት የሚለይ እጁን ለማን እንደ ተወ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ከብት ግን ያልቃል፤ ቤትም ያረጃል፤ ሙያ ግን የሚይዘው ልጅ ካገኘ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጨመረ የሚሄድ ሀብት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው፣ የቤት ሠሪ ቤተ ሰብ ልጅ የአባቱን ሙያ መሠረት አድርጎ እንዴት የቤት ነዳፊ፣ በፈረንጅ አጠራር አርክቴክት፣ ለመሆን እንደሚችል ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የአራዳ ጊዮርጊስን ሰፈር ማስተዋል ይበቃል። ከዐድዋ ድል በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራው ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፣ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ነው። በሥራውም ላይ በዐድዋ ጦርነት ተማርኮ በአገራችን የቀረው ጣልያናዊው ሰባስቲያኖ ካስታኛ ነበረበት። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ሠራዊት ቢያቃጥለውም ኋላ ታድሶ ቆሟል። እስከ ወረራው ዘመን ድረስ የከተማው ትልቅ ገበያ በዚሁ ሰፈር ስለ ነበረ ነጋዴውም መኳንንቱም ቤቱን በዙሪያው አሠራ። የአርመን፣ የህንድና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎችም ከየአገራቸው ይዘውት በመጡት ሙያ በእነዚህ ቤቶች ላይ ሠሩ። ስለዚህም በአሮጌው የአራዳ ቤት የድንጋዩ መሠረትና የጭቃው ግድግዳ ከአገራችን አሠራር ጋር ሲስማማ፣ ሰገነቱና ጌጠኛው የዕንጨት በረንዳ ከባሕር ማዶ የመጣ እጅ ይታይበታል። የሁለቱ ሙያ በአንድ ጣራ ሥር ተጋብቶ ሌላ ከተማ የሌለው መልክ ወጣው ማለት ነው።

የአገራችንም ሰው ቤት መሥራትን ከእንግዳ የተማረ አይደለም። ጎጆ ቤት ለተመልካች ቀላል ይመስላል እንጂ በውስጡ ብዙ ብልኀት አለበት። ክዳኑ ሹል የሆነው የክረምቱ ዝናብ በሣሩ ላይ ሳይቈይ እንዲወርድ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የሚተወው እርስ በርሱ እንዲያያዝና ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። በሐረር ቤት ደግሞ እንግዳ መቀበያው ክፍል ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ስላሉት ሰው ሁሉ እንደ ማዕርጉና እንደ ዕድሜው የሚቀመጥበትን ያውቃል፤ ግድግዳውም ሴቶች በሠሯቸው ሰፌዶች ያጌጣል። ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ምስጥ ሥሩን በበላው ጊዜ ከታች ይቈረጥና ቤቱ እያጠረ ለብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተባብረው አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። እነዚህ ሁሉ በትምህርት ቤት ሳይሆን ልጅ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ሲሠራ የተማራቸው ናቸው። እናት ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ግድግዳ የምትመርገውና ወለሉን በእበት የምትለቀልቀው እርሷ ናትና።

ነገር ግን ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እንዳይሻገር የሚከለክል ክፉ ልማድ በመካከላችን ኖሯል፤ ይኸውም ባለ እጅን መናቅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ ጥቅሙ እየተፈለገ ስሙ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማወጃቸው ነቀፋው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚለውጠው ግን የቤተ ሰብ አስተዳደግ ነው። ዛሬም ግንበኛው አባት ልጁን «አንተ እንደ እኔ ጭቃ አትርገጥ፤ ተማርና ሰው ሁን» ሲለው ይሰማል። አባባሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ትምህርትና ሙያ ጠላቶች እንደ ሆኑ አድርጎ ይገነዘበዋል። እውነቱ ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው ትልቅ ሰው የሚወጣው።

ቅዱሳት መጻሕፍትን የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የናሱን ሥራ የሠራው ኪራም አባቱ የናስ ሠራተኛ የነበረ የጢሮስ ሰው ነው። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በቤት ነዳፊነቱ በዓለም ሁሉ የታወቀው ጀርመናዊው ሚስ ፋን ደር ሮኸ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 በአኸን ከተማ የተወለደ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነው። በአባቱ ሥራ ቤት አደገ እንጂ የአርክቴክትነት ዲፕሎማ አልነበረውም። በ1929 በባርሴሎና ያሠራውን አዳራሽ ከፍታ የወሰነው በተገኘው የኦኒክስ ድንጋይ መጠን ነው፤ ድንጋይን ከልጅነቱ ያልዳሰሰ ሰው ቤትን ከድንጋዩ አስጀምሮ አያስብም። ግብጻዊው ሐሰን ፋትሂም በ1945 አዲሱን የጉርና መንደር ማሠራት ሲጀምር ያለ ዕንጨት ድጋፍ የጭቃ ጡብ ቅስት መሥራት የሚያውቁትን የኑብያ ግንበኞች ከአስዋን አካባቢ አስመጣ፤ እነርሱ ግን ይህን ሙያ ከአባቶቻቸው የተቀበሉ ነበሩ። የቡርኪና ፋሶው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ደግሞ አናጢነት ተምሮ፣ ኋላም በጀርመን አገር አርክቴክት ሆኖ፣ ለተወለደበት ለጋንዶ መንደር በ2001 ከሸክላ ዐፈር ትምህርት ቤት ሠራ፤ የመንደሩ ሰዎችም እንደ ልማዳቸው በሥራው ተባበሩ። በ2022 በዚህ ሙያ ትልቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ከአፍሪካ ተወላጆች መጀመሪያ የተቀበለው እርሱ ነው።

በአገራችንም መንገዱ ተከፍቷል። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ሥራ ተቋም ለኢትዮጵያውያን ልጆች የዚህን ሙያ ትምህርት በር ከፈተ። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር ሆኖ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ያሉትን የአዲስ አበባ ሕንፃዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሟል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ደግሞ ስለ ጭቃ አሠራር ከየገጠሩ ባለ ሙያዎች ተምረው በመካኒሳ የዞማ ሙዚየምን አሠርተው በ2011 ዓ.ም. ከፍተዋል። የጭቃው ግድግዳ በጌጥ ተቀርጾ የሚያይ ሰው ጭቃ የድኻ መጠለያ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ በዚያው ይተወዋል።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ልጁን ወደ ሥራው ቦታ ይዞ ይሂድ፤ ቱምቢና ውሃ ልክ አስይዞ ለምን እንደሚያገለግሉ ያስረዳው። ሁለተኛ የገዛ ቤታቸውን በገመድ አስለክቶ በወረቀት ላይ ያሥለው፤ እልፍኙ፣ ጓዳውና ማድቤቱ ለምን በዚያ ቦታ እንደ ተደረጉ፣ ጢሱ በየት እንደሚወጣ፣ የጧት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ይጠይቀው። ሦስተኛ የአያቱን አሠራር ምክንያቱን እየጠየቀ እንዲጽፍ ያድርገው። ለምሳሌ የጭቃ ቤት የሚሞተው በእግሩና በራሱ በሚገባው ውሃ ስለ ሆነ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ሰፊ የክዳን ጠርዝ ያስፈልገዋል። ይህን ከአያቱ የሰማ ልጅ በኋላ በትምህርት ቤት ስለ ርጥበት ሲነገረው አዲስ አይሆንበትም።

የቤት ነዳፊነት ለጌጥ ብቻ እንደማይፈለግም ችሎት ምስክር ነው። የጣራው ፍሳሽ ወደ ጎረቤት ግቢ ይወርዳል፤ መስኮቱ የሰውን ጓዳ ያሳያል፤ ግድግዳው ከወሰን አልፏል እየተባለ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድሙ ለዓመታት ይካሰሳል። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በሚያውቅ ሰው እጅ በወረቀት ላይ ተነድፎ ቢሆን ኖሮ ብዙው ክርክር ባልተወለደ ነበር።

ነገሩን የሚያስቸኩለው ምክንያትም በዐይናችን ፊት ነው። በምኒልክ ዘመን የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. በእሳት ተጐዳ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ደግሞ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ሰፊ መንገድና ንጹሕ ውሃም ለሕዝብ የሚገባ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ካልቀረ የጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም። የዕንጨቱን በረንዳ የጠረበ እጅ፣ ጭቃውን ያቦካ ብልኀት ተከታይ ካገኘ ግን በአዲሱ ሕንፃም ውስጥ የአራዳን መልክ መልሶ ማየት ይቻላል።

ስለዚህ የግንበኛም የአናጢም ቤተ ሰብ የሆናችሁ ሁሉ ልጃችሁን ከሙያችሁ አታሽሹት፤ ሙያችሁን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት እንዲገባ አድርጉት እንጂ። ባለጸጎችና ሹማምንትም ቤት ስታሠሩ የአገሩን ባለ ሙያ ከተማረው ነዳፊ ጋር አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አማክሩ፤ የሚገባውንም ክብርና ዋጋ ለሁለቱም ስጡ። እንዲህ ከሆነ የነገው የአዲስ አበባ ቤት ለኑሮ የተመቸና የአባቶችን እጅ የሚያሳይ ይሆናል።