የአንጀት ተህዋስያን በውሻና በድመት ጤና

ተቅማጥ የያዘው ውሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ታዞለት መመለሱ በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው። የቅርብ ዓመታት ምርምር ግን ልማዱ ሊቀር እንደሚገባ አሳምኖኛል፤ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ለእንስሳው ሥራ የሚሠሩ ናቸውና። ፔፕታሴቶባክተር ሂራኖኒስ የተባለውን እንመልከት። ጉበት ስብ ለመፍጨት የሚያመነጨው የሐሞት አሲድ አብዛኛው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመልሶ ይመጠጣል፤ ወደ ትልቁ አንጀት የሚያልፈውን ጥቂት ግን ይህ ባክቴሪያ መልኩን ይለውጠዋል። የተለወጠው አሲድ እንደ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲሌ ያሉትን ጎጂ ባክቴሪያዎች ከመብዛት ይገታል። ባክቴሪያው ሲጠፋ አሲዱ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ሲበዛም አንጀቱ ውሃ እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ ተቅማጡ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ሙከራ፣ ጤነኛ ውሾች ሜትሮኒዳዞል ለሁለት ሳምንት ወስደው ካቆሙ ከአራት ሳምንት በኋላም የአንጀታቸው ባክቴሪያ ሙሉ በሙሉ አላገገመም።

«ውሻዬ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ» የሚል አይጠፋም። ድንገተኛ ተቅማጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይተዋል፤ ባክቴሪያ ወደ ደም ሲገባ ግን አንቲባዮቲክ ሕይወት አድን ስለሆነ ክርክሬ እዚያ አይደርስም። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የባክቴሪያው መዛባት የበሽታ ምክንያት ነው ወይስ ውጤት የሚለው ነው። ብራዚል ውስጥ ፓርቮ የተባለው ቫይረስ በያዛቸው 66 ቡችሎች ላይ የተደረገ ጥናት በከፊል ይመልሰዋል። ከተለመደው ሕክምና ጋር የጤነኛ ውሻ ዓይነ ምድር በፊንጢጣ የተሰጣቸው ተቅማጣቸው ቶሎ ቆመ፤ የሞት ልዩነቱ ግን ለድምዳሜ አልበቃም። የበሽታው መነሻ ቫይረስ ቢሆንም ከጤነኛ ውሻ የተወሰደው ባክቴሪያ ማገገምን እንደሚያፋጥን ከዚህ እንረዳለን።

ከውሻ የተገኘውን ሁሉ ለድመት፣ ከሰው የተገኘውንም ለሁለቱ ማዋል ግን አይገባም። ፉሶባክቴሪያ በሰው ላይ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ስሙ ይነሳል፤ በውሻ ግን መኖሩ የጤና ምልክት ነው። ሥጋ በል የሆነችው ድመት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት የደረሰውን ፕሮቲን ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ኢንዶል ይወጣል፤ ጉበት ይህን ኢንዶክሲል ሰልፌት ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል፤ የደከመ ኩላሊትም ማስወገድ ስለሚያቅተው በደሟ ይጠራቀማል። የኩላሊት ሕመም በሚበዛባቸው አሮጊት ድመቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በምግባቸው ላይ የሚብላላ ፋይበር ጨምሮ መርዙን የመቀነስ ሙከራም የተጀመረው ለዚሁ ነው።